የሐይቁ ቃል አቀባይ

በየሰፈሩ፣ በዓይናችን የምናየውን በአፉ የሚነግረን አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ ሲጥል ከኛው ጋር ታዛ ሥር ቆሞ፣ እንደኛው ትከሻው ርሶ፣ «ዝናብ ጣለ» ይለናል። መብራት ሲጠፋ ከጨለማው መሀል ድምፁ ይመጣል፤ «መብራት ጠፋ።» ሻንጣ ይዘን ስንወጣ «ልትሄዱ ነው?» ይለናል፤ ይዘን ስንመለስ «መጣችሁ?» ይለናል። ዓለም ያለ እሱ ምስክርነት እንዳትፈርስ የሚሰጋ ነው የሚመስለው። ከዚህ ሰው የሚያመልጥ የለም። ያመለጠ ቢኖር እንኳ ከኋላው «አመለጥከኝ» መባሉ አይቀርለትም።

ለሌላው ሰፈር ዘበኛ ወይም ባለሱቅ ሆኖ ይደርሰዋል። ለእኛ የደረሰን ዓሣ አስጋሪ ሆኖ ነው። ጀልባ አለው፣ መረብ አለው፣ ይባስ ብሎ ስልክ አለው።

ክቡርነቱ የሐይቁ ቃል አቀባይ ይባላል። ማዕረጉን የሰጠው መንግሥት አይደለም፤ ሚስቱ ናት። የሱ ቤትና የኔ ቤት በአንድ ግድግዳ ስለሚገናኙ ሹመቱ ሲሰጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ሐይቁ አፍ የለውም ብለህ ነው ቃል አቀባይ የሆንክለት?» አለችው። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። እሱም አልተቀየመም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ሲራመድ ደረቱን ትንሽ ገፋ ማድረግ ጀመረ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጎህ ሲቀድ ስልኩን በዳቦ ላስቲክ ይጠቀልልና ከጀልባው ፊት ለፊት ከቆመች እንጨት ጋር በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። የላስቲኩ ጫፍ ስለሚንጠለጠል የቪዲዮዎቹ ግራ ጎን ሁልጊዜ ጭጋግ ለብሶ ይታያል። አንድ የሩቅ ሀገር ተከታይ ሐይቃችን በአንድ በኩል ብቻ ጉም የማይለቀው ለምን እንደሆነ ጠይቆ፣ ሌሎች ተከታዮች ስለ ንፋስና ስለ ተራራ አቀማመጥ በሰፊው አስረድተውታል። ክቡርነቱም ማብራሪያውን አንብቦ አመስግኗል።

ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ቤተሰብ፣ እንዴት አደራችሁ። እንግዲህ ልብ በሉ።»

ልብ እንላለን፤ ምን ምርጫ አለን። «ገመዱን በቀኝ እጄ ያዝኩ። አሁን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት። ጀልባዋ ወደ ግራ ትንሽ አጋደለች። አሁን ተመለሰች። መረቡ ከእግሬ ሥር ነው፤ የሚያንሳፍፉት ቡሾች ከላይ፣ የሚያሰጥሙት እርሳሶች ከታች። አንድ ወፍ መጣ። ሄደ።» ይህ ሁሉ ሲሆን ገመዱ፣ እጁ፣ መረቡና ወፉ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከተከታዮቹ አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ «አባዬ፣ እኛም እኮ ዓይን አለን» ብሎ ጻፈለት። በማግስቱ ቃል አቀባዩ ቪዲዮውን ሲከፍት «አንድ ቤተሰባችን ዓይን አለኝ ብሏል፤ እግዜር ይጠብቅለት» አለና ቀጠለ። «እንግዲህ ልብ በሉ። መቅዘፊያውን አነሳሁ።»

ሙያውን ያውቃል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የመረብ ዓይን ለምን ሰፋ ማለት እንዳለበት ሲያስረዳ ትንንሾቹን ዓሦች እንደ ጎረቤት ልጆች ነው የሚያነሳቸው። «ይለፉ፤ እነዚህ የከርሞ ናቸው፤ ገና አልጠገቡም።» የተቀደደ መረብ ሲጠግን ደግሞ ክሩ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ፣ የት እንደተቋጠረ፣ ቋጠሮው ለምን እንዳላማረ፣ ተፈትቶ እንዴት እንደገና እንደተቋጠረ ይተርካል። የቡና ቤቱ አስተናጋጅ ያንን ቪዲዮ እንቅልፍ እንቢ ሲላት እንደምትከፍተው ነግራኛለች። ነገሩ ስድብ ይሁን ምስጋና እኔም እሷም አላወቅንም።

ሞተሩ አልነሳ ያለ ዕለት የሆነውንም ሁላችንም አይተናል። ገመዱን ጎተተ፤ ዝም። ደግሞ ጎተተ፤ ዝም። «እንግዲህ ልብ በሉ፤ ካንዴላው ረጥቧል» አለና እንደ ታመመ ዘመድ ከጎኑ ተቀምጦ የሞተሩን የሕይወት ታሪክ አወራልን። ከየት እንደተገዛ፣ በወጣትነቱ ምን ያህል ጉልበት እንደነበረው፣ መቼ ማሳል እንደጀመረ። ሞተሩም ከሐፍረት ብዛት መሰለኝ በመጨረሻ ተነሳ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የወደቀ ዕለት ነው። እርጥብ መረብ ረግጦ ወደ ኋላ ሄደና ከሥዕሉ ውስጥ ጠፋ። ባዶ ጀልባ፣ ባዶ ሐይቅ፣ በግራ በኩል የላስቲኩ ጭጋግ። ወዲያው ከሥር ድምፅ መጣ። «እንግዲህ ልብ በሉ፤ አሁን ወድቄያለሁ። ውሃው ይቀዘቅዛል።»

ክሊኒክም ሄዶ አፉ አያርፍም። ነርሷ የአጎቱ ልጅ ናት። መርፌ ስትወጋው አብሮት ለተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ «ጥጡን አሸችው፤ አሁን ገባ፤ አሁን መድኃኒቱን እየገፋችው ነው» እያለ ሲያስተላልፍ ከወረፋው ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄደዋል ትላለች።

በዚህ ሁሉ መሀል ሚስቱ በውሃው ዳር ዓሣ እየገፈፈች ትሸጣለች። ስለ ባሏ ዝና ስትጠየቅ ቢላዋዋን ሳታሳርፍ ነው የምትመልሰው። «እኔን ሲያጨኝ የተናገረው ቃል በአንድ እጅ ጣት ያልቃል። ይሄው ዛሬ ለማያውቀው ሰው ስለ ገመድ ሲያብራራ ይውላል። ምነው ገመድ በሆንኩ።»

ሚስቱ አልዋሸችም። ይህ ሰው በወጣትነቱ ዝምተኛ ነበር፤ ዝምተኛ ያደረገውም ጀልባው ነው።

ጀልባው ያኔ የአጎቱ ነበር። አጎትየው በዚህ ሐይቅ ላይ ከነበሩት ሁሉ የተከበሩ አስጋሪ ሲሆኑ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ ጀልባ ላይ አፍ አይከፈትም። «ዓሣ ከሰው ይልቅ ይሰማል» ይሉ ነበር፤ ይህንንም የሚሉት መሬት ላይ ሲሆኑ ነው። ውሃ ላይ የሚናገሩት በእግራቸው ነበር። እሳቸው ከኋላ፣ የወንድማቸው ልጅ ከፊት፤ ጎህ ሳይቀድ ጉሙ ሐይቁ ላይ ሲተኛ ከጀልባው ጫፍ ጫፍ አይተያዩም። አጎትየው በተረከዛቸው ወለሉን አንዴ ይመታሉ፤ «አለህ?» ማለት ነው። እሱም አንዴ ይመታል፤ «አለሁ።» ሁለቴ ሲመታ «ልቀቅ» ነው፤ መረቡ ይወርዳል። እግር ወለሉን ረዘም አድርጎ ሲፍቅ «ሳብ» ነው። ሌላ ቃል አልነበራቸውም። ሌላ ቃልም ሲቸግራቸው አላየሁም።

አላየሁም የምለው አብሬያቸው ስለወጣሁ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ አባቴ ለምኖልኝ አንድ ጠዋት ወሰዱኝ። ጉሙ እንደ ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ የገባ ይመስለኝ ነበር። መሀል ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም፤ «ዓሣ የት…» ብዬ ስጀምር አንድ መዳፍ አፌን ከደነው። የዛሬው ቃል አቀባይ መዳፍ ነው። ዓሣና ላምባ ይሸታል። ጥያቄዬ ከዚያ መዳፍ ሥር እንደተዳፈነች ቀረች። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ብዙ ተናጋሪዎች ሰምቻለሁ፤ እንደዚያን ጠዋት ግን አዳምጬ አላውቅም። ኳ፤ ከጉሙ ወዲያ ደግሞ ኳ። አለህ? አለሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይመጣብኛል።

አጎትየውን ዓይናቸው ከዳቸው። መጀመሪያ ቡሾቹን ወፍ ናቸው አሉ። ቀጥሎ ወፎቹን ቡሽ ናቸው አሉ። የዓይን ግፊት ነው ተባለ፤ ሲታወቅ ረፍዶ ነበር። አንድ ማለዳ እንደ ልማዳቸው ከኋላ በመቀመጥ ፈንታ ከፊት ተቀመጡና ገመዱን አንስተው የወንድማቸው ልጅ እጅ ላይ አኖሩት፤ አሁንም አፋቸውን አልከፈቱም። ከዚያ ነርሷ ልጃቸው ወደሷ ቤት ወሰደቻቸው። ቤቱ ከዳገቱ በላይ፣ ከብረት ሠሪው ጀርባ ነው። ሐይቁ ከዚያ አይሰማም፤ አይሸትም። ልጃቸው ጠዋት ክሊኒክ ትሄዳለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ከብረት መቁረጫው ጩኸት ጋር ናቸው።

የወንድማቸው ልጅ መጀመሪያ ማታ ማታ ዳገቱን እየወጣ የቀኑን ይነግራቸው ነበር። ነገሩን ከነርሷ ነው የሰማሁት። «በል ከዳር ጀምር» ይሉታል። እሱም ያችን የለመዳትን ያህል ይናገራል፤ «ወጣን። ጣልን። ሳብን። ገባን።» አጎትየው «ገመዱን በየትኛው እጅህ ያዝከው?» ይላሉ። «በቀኝ።» «ከዚያስ?» «ወደ ግራ አዛወርኩት።» «ጀልባዋስ አላጋደለችም?» እንዲህ እየተባለ፣ በጎልማሳነቱ፣ እንደ ሕፃን አፍ ፈታ። በኋላ ሥራው በዝቶ ጉልበቱ ዳገቱን እንቢ ሲል ነርሷ ለአባቷ ስልክ ገዛችና እሱ ከጀልባው ላይ እየቀዳ መላክ ጀመረ። የሱ የራሱ ሴት ልጅ ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው፤ ያባቷን ቪዲዮ ሰው ቢያየው ምናለ ብላ ለሕዝብ ለቀቀችው። እኛ ሁላችን ለአንድ ሰው ጆሮ የተነገረ ወሬ ከበር ውጭ ቆመን የሰማን ነን።

የዓይን ጠብታ ላደርስላቸው ሄጄ ሲያዳምጡ አይቻለሁ። ስልኩን ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። አገር የሚያየውን ሥዕል ለግድግዳው አሳይተው ድምፁን ለራሳቸው አደረጉ። «አሁን ወደ ግራ አዛወረው» አሉኝ ቀስ ብለው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥፋት ከክፋት አይደለም፤ ከፒያኖ ነው።

የቃል አቀባዩ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ስታሳምር ነው የምትውለው፤ እጇ ሥራ ፈቶ አያውቅም። አንድ ቀን ያባቷን ቪዲዮ ወሰደችና ድምፁን አጠፋች። ጭጋጉን ቆረጠች፤ ፒያኖ አስገባች። ፀሐይ ስትወጣ፣ መረቡ ከውሃው ሲነሳ፣ ዓሣው እንደ ብር ሲያበራ፣ ሰውዬው ዝም ብሎ አድማሱን ሲያይ። ያ ቪዲዮ ምን ክንፍ እንዳወጣ አላውቅም፤ በሳምንቱ የማናውቀው አገር ሁሉ አይቶት ነበር። «ነፍሴ አረፈች» አለ አንዱ። «ይህ ሰው ፈላስፋ ነው» አለች አንዷ። የድሮው፣ ዓይን አለን ያለው ተከታይ፣ «ተመስገን፣ ዝም አለ» ብሎ ጻፈ።

ሙገሳ የማይጥለው ሰው የለም። ክቡርነቱ ነጭ ኮፍያ ገዛ። ዝምታን እንደ አዲስ ኮት ለብሶ በመንገድ ላይ ይታይ ጀመር። ሰላም ስንለው በጭንቅላቱ ብቻ ይመልሳል። ቪዲዮው ሁሉ ፒያኖ ሆነ። አጎቱን ሲያነሱበት ነርሷ አጠገባቸው ሆና እያየች እንደምትነግራቸው ይናገር ነበር፤ እሷ ቀኑን ክሊኒክ እንደምትውል ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ክንዱ ምስክር ነው።

እውነቱን ለመናገር እኛም ለሰሞኑ ዐርፈን ነበር። ዝናብ ጣለ፤ ማንም አላበሰረንም። አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ጠበቅኩ። ከግድግዳው ወዲያ ምንም የለም። ጨለማው ከወትሮው የበረታ መሰለኝ፤ ሻማ ፍለጋ ስነሳ ጉልበቴን ከወንበር ጋር አጋጨሁ።

ደም ግፊቴን ልለካ ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ ክንዴን እያሰረች አጫወተችኝ። አባቷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይቆያሉ። መጀመሪያ ቀን «ሐይቁ ላይ ፒያኖ የሚመታው ማነው?» አሉ። እሷ ሳቀች፤ እሳቸው አልሳቁም። ቀጥለው ጀልባው ተሸጦ እንደሆነ ጠየቁ። አልተሸጠም ብላ ማለችላቸው። አላመኑም። «ሰው አንድ ነገር ሲደብቅ ነው ሙዚቃ የሚከፍተው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲቀርብ ጎርሰው ይተዋሉ። «እዚያ ወንበር ላይ ሆነው በየቀኑ ሐይቅ ይወርዱ ነበር» አለች። «አሁን መንገዱ ተዘጋባቸው። ቢሞት ነው የደበቃችሁኝ ይሉኛል።»

ይህን ላደርስ ወደ ውሃው ዳር ወረድኩ። ቃል አቀባዩ ጀልባው ውስጥ መረብ እየሰበሰበ ነበር። አጎቱን ስጠራለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ካሜራው እየቀዳ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ፣ ከዳገቱ የሚወርደው መንገድ ዋናው አውራ ጎዳና ላይ ከሚገናኝበት ማዕዘን፣ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ግድግዳ ላይ አድርገው አየሁ። የጭነት መኪኖች በአጠገባቸው ይወነጨፋሉ። ከሸሚዝና ከደህና ኮታቸው በታች ያደረጉት የጀልባ ጫማቸውን ነበር፤ ያንን እስከ ጉልበት የሚደርሰውን የጎማ ጫማ፤ ከአልጋ ሥር በዳበሳ አውጥተውት ይሆናል። ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «አንተ ያ ጠያቂው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ አባባ።»

«እንግዲያው ዛሬ እኔ ልጠይቅህ። ጀልባዋ አለች?»

«አለች።»

«እሱስ?»

«አለ። ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ ምን ነካው የማይናገር?»

ያ መዳፍ እንደገና አፌ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ሰዉ ዝምታውን ስለወደደው ነው እንዴት ይባላል። ወደ ቤት ልመልሳቸው ብዬ ጎተት ሳደርጋቸው እንደ ተተከለ ግንድ ቆሙ፤ እግራቸው ቁልቁል ነው ያለው። ወሰድኳቸው። መንገዱን ስናቋርጥ ክንዴን ጠበቅ አደረጉ። ትንሽ ሄደን «የጀመርካትን አልጨረስካትም ነበር» አሉኝ። «ዓሣ የት ምን?»

«የት ነው የሚተኛው ልል ነበር።»

አሰቡበት። «እኔም አላውቅም» አሉ።

ከውሃው ውስጥ ወደገባው የእንጨት መረማመጃ ስንደርስ ሚስትየዋ አየችን። ቢላዋዋን ጣለች፤ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ የዓሣ ሣጥን ገልብጣ አቀረበችላቸው። አልቀመጥም አሉ፤ ምርኩዛቸውን እንጨቱ ላይ ተክለው ቆሙ። ጀልባው እየገባ ነበር። ላዩ ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው ደረቱን ነፍቶ አድማሱን ያያል። ሞተሩን አጠፋ፤ የማሰሪያውን ገመድ ይዞ ወደ መረማመጃው ተሻገረ፤ ቀና ሲል አጎቱን አየ።

አፉን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተው። የወደቀ ዕለት እንኳ ቃል ያላጣ ሰው ቃል አጣ።

«በል ተናገራ» አለችው ሚስቱ። «እስከዛሬ ለማን ስታጠራቅም ነበር?»

አጎትየው ድምፅ እንደሌለ ሲያውቁ ምርኩዛቸውን አንስተው እንጨቱን አንዴ መቱ።

ኳ።

ከሥራችን ውሃው እንጨቶቹን ሲልስ ይሰማል። ዓሣ የሚገፍፉት ሴቶች እጃቸውን አሳረፉ። ቃል አቀባዩ ኮፍያውን አወለቀ፤ ተረከዙን አነሳና መታ።

ኳ።

የአጎትየው ፊት ላይ የሆነውን ልጽፈው ሞክሬ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ። ትከሻቸው ወረደ፤ ይህን ያህል ብቻ ልበል። ከዚያ፣ ሊፈትኑት ይሁን ተንኮል አምሯቸው እሳቸው ያውቃሉ፣ ሁለቴ መቱ። ኳ፣ ኳ።

ልቀቅ።

እጁ ከራሱ ቀድሞ ታዘዘ። ገመዱን ለቀቀው። ጀልባው ከነመረቡ፣ ከነዓሣው፣ ከነሚቀዳው ስልክ ቀስ ብሎ ከዳር ተለየና ወደ ሐይቁ መሀል ጉዞ ጀመረ።

«ሰውዬ፣ ጀልባው!» አለች ሚስቱ። ያን ጊዜ ዳር ያለው ሕዝብ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ አስጋሪ የራሱን ጀልባ አስነስቶ ሊያመጣለት ሄደ። አጎትየው ሳቁ ከየት ወዴት እንደሆነ ጆሯቸውን አቅንተው ለዩ፤ ምን እንደሆነም ገባቸው፤ ወደኔ ዘንበል ብለው «እሱ አልረሳም» አሉኝ። እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጀልባው እስኪመለስ ሁለቱ መረማመጃው ጫፍ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ። እኔ ዳቦዬን እንዳቀፍኩ ከኋላ ቆሜአለሁ፤ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።

«ጋሼ፣ ሰዉ ዝምታውን ወደደው» አለ። «እኔም ደስ አለኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ዝምታውን ማን ያስተማረህ ይመስልሃል?» አሉት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እውነቱን ልንገርህ? ወሬህ በዝቶብኝ ነበር። አንተ ስታወራ ውሃው አይሰማኝም።»

ቃል አቀባዩ የተወረወረ ድንጋይ ያገኘው ያህል ዞር አለ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ።»

ሁለቱም ውሃውን አዩ፤ አንዱ በዓይኑ፣ አንዱ በፊቱ። «እኔ የምፈልገው መኖርህን ነው» አሉ አጎትየው። «ያንን ፒያኖ አውጣልኝ። አፍህን ዝጋው። እግርህን ግን አትዝጋብኝ።»

ዛሬ ቪዲዮዎቹን የከፈተ ሰው ፒያኖ አይሰማም። ውሃ ይሰማል፣ ሞተሩ ሲያስል ይሰማል፣ በየመሀሉም ኳ፤ ደግሞ ኳ፣ ኳ፤ ደግሞ ረዘም ያለ መፋቅ። የተከታዮቹ አስተያየት በዚህ ተሞልቷል። «ያ ኳኳታ ምንድን ነው?» «ሞተሩን ቢያስፈትሹ።» አንዱ መሐንዲስ ነኝ ባይ የጀልባው ወለል መላላቱን ከባሕር ማዶ ሆኖ አረጋግጧል። ልጁ ድምፁን በአንድ ጠቅታ ላጠፋው እችላለሁ ብትለው ያንን የነካች ዕለት አባቷ እንዳልሆነ ነገራት፤ አልነካችም። ነርሷ ደግሞ አባቷ ስልኩን ጉንጫቸው ላይ አድርገው በተረከዛቸው ወለሉን እየመቱ ሲመልሱለት እንደሚያረፍዱ ትነግረኛለች። ብረት ሠሪው መጥቶ «እዚህ ቤት ሌላ ብረት ሠሪ ገባ እንዴ?» ብሎ ጠይቋል አሉ። ምግባቸውን ግን ይጨርሳሉ።

ያ ሁሉ ወሬስ የት ገባ ትሉኝ ይሆናል። የተከማቸ ውሃ መፍሰሻ አያጣም፤ ወደኔ ፈሰሰ። ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ ደጃፌ ላይ ይቀመጣል። ተከታዩ እኔ ብቻ ስለሆንኩ «እንግዲህ ልብ በል» ብሎ ይጀምራል። ገመዱን በየትኛው እጁ እንደያዘ አውቃለሁ። ወፍ መምጣቱን፣ መሄዱን አውቃለሁ። መጻፍ አልቻልኩም ብዬ ለሚስቱ ከስሼዋለሁ፤ «እኔንስ ማን ሰማኝ» አለችኝ።

ትናንት አልመጣም። አጎቱ ዘንድ አምሽቶ በቀጥታ ወደ ቤቱ ገባ መሰለኝ። ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጬ ይህንኑ ስጽፍ መብራት ጠፋ። ብዕሬን እንደያዝኩ ጠበቅኩ። ምንም። እጄን ዘርግቼ ግድግዳውን አንዴ መታሁ።

ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ በኩል አንዴ ተመታ።

«መብራት ጠፋ» አለኝ ከግድግዳው ወዲያ።

«እንዴ» አልኩት፤ «አላወቅኩም ነበር።»